ትንሽ ግቢ፣ አዳማ፦ መደቡን በብሎኬት ከፍ ላድርገው ወይስ መሬቱ ላይ ልትከል?

ማሙሽ ከደንበላ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:10)

ሰላም የጓሮ አትክልት ሰዎች። ከቤታችን ጀርባ 4 በ6 ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለችን። ግማሿ ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ ይቦካባት የነበረች ናት። ሌላው ግማሽ ደህና አፈር ይመስላል። እናቴ ጎመንና ቆስጣ ትፈልጋለች። እኔ ቲማቲምና ቃሪያ። ሚስቴ ደግሞ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ካለ ሌላው አያሳስባትም።

ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ ከፍ ያለ መደብ ነው። በጣውላ አጥረው፣ አፈር ሞልተው፣ እዚያ ላይ ይተክላሉ። አጎቴ ግን «መሬት እያለህ አፈር የምትገዛው ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል። ውሃችን በፈረቃ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ አለን፣ እሱም ለቤቱ ሁሉ ነው። እስቲ እዚሁ አዳማ የሞከራችሁ ንገሩኝ። ብሎኬት ላስጭን ወይስ ዶማ ልዋስ?

የቦኩ ልጅ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:32)

ዶማ ተዋስ። ብሎኬቱ የትም አይሄድም።

ከፍ ያለ መደብ ለምን መጣ? ውሃ የሚቋጥር ጭቃ አፈር ላይ ሥሩ እንዳይበሰብስ ነው። ብርድ አገር ደግሞ አፈሩ ቶሎ እንዲሞቅላቸው ይፈልጉታል። አዳማ ላይ ሁለቱም ጭንቅ የለም። የእኛ አፈር አብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ስታፈስበት ይውጠዋል። ፀሐይዋም አፈር ለማሞቅ አጋዥ አትፈልግም። አቦ፣ የሌለብህን በሽታ መድኃኒት ልትገዛ ነው።

ግን መጀመሪያ መሬቱን ጠይቀው። በሁለቱም ግማሽ 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍር። ውሃ ሙላው፣ ይጠጣ። እንደገና ሙላውና በአንድ ሰዓት ስንት ሳንቲ እንደወረደ ለካ። 2 ሳንቲ እንኳ ካልወረደ ከሥር የሆነ ነገር አለ። ከ10 በላይ ከወረደ ደግሞ አፈሩ ውሃ አይዝም፣ ኮምፖስት በደንብ ይፈልጋል።

ግንበኛው (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:05)

የቦኩ ልጅ፣ ሰውዬው ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ አለኝ ብሏል እኮ። እኔ ሥራዬ ነው፣ ስንቱን ግቢ አይቻለሁ። ቤት ሲያልቅ የተረፈው ኖራ፣ ስባሪ ብሎኬት፣ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ወረቀት ሁሉ ስስ አፈር ይለብስና «ግቢው ፀድቷል» ይባላል። እሱ ላይ ምን ልትተክል ነው? እዚያ ከፍ ያለ መደብ ግድ ነው።

ሒሳቡ ይኸውልህ። ከውጭ ሲለካ 3 ሜትር በ1.20 የሆነ መደብ እንበል። ብሎኬት ርዝመቱ 40 ሳንቲ፣ ከፍታው 20 ነው። ለአንድ ረድፍ 20 ገደማ ይበላል። ሁለት ረድፍ ብትደርብ 40 ብሎኬት ነው፣ ከፍታህ 40 ሳንቲ ይሆናል። ሲሚንቶ አታባክን። ደረቁን ደርድረህ ቀዳዳውን በአፈር ጠቅጥቀው። ሐሳብህን ስትቀይር አንስተህ ለሌላ ታውለዋለህ።

ሒሳብ አስተማሪዋ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:20)

ግንበኛው፣ ሒሳቡን ጀመርከው እንጂ አልጨረስከውም።

15 ሳንቲ ውፍረት ያለውን ብሎኬት ብትጠቀም እንኳ ከየጎኑ 15 ሳንቲ ይሄዳል። ውስጡ 2.70 በ90 ሳንቲ ይሆናል። 3.6 ካሬ መሬት ሰጥተህ 2.43 ካሬ ብቻ ትተክላለህ። ሲሶው የብሎኬት ነው! ሰፊ ግቢ ላይ ምንም አይደል። 24 ካሬ ያለው ሰው ላይ ግን መተላለፊያ ሲቀነስ የሚተርፈውን አስበው።

ደግሞ ያንን ለመሙላት አንድ ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ይፈልጋል። ሲኖትራኩ በር ላይ ደፍቶልህ ይሄዳል። ከበር እስከ ጓሮ በባሬላ የሚያመላልሰው ማነው?

ግንበኛው (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:41)

የብሎኬቱ ቀዳዳ ላይም ይተከላል እኮ። ናና፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም።

ሒሳብ አስተማሪዋ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:48)

እፍኝ አፈር ናት። በግንቦት ፀሐይ ብሎኬቱ ሲግል ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ትደርቃለች። ናና ደግሞ ውሃ የሚወድ ተክል ነው።

ጋሽ መደብ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:15)

ልጆች፣ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ አስመሰላችሁት። ሦስተኛውን የሚያነሳ ጠፋ። ዝቅ ያለ መደብ።

በግብርና ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት። እርጥበት ለሚበዛበት አካባቢ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ደረቅ ለሆነው ዝቅ አድርጉ እያልን ነበር የምናስተምረው። አዳማ ዝናቡን የሚያገኘው በዋናነት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የቀረውን ጊዜ በባልዲ ነው የምናጠጣው። ውሃውን የሚይዝልህ መደብ ነው የሚያስፈልግህ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መደቡ ከ1 ሜትር እስከ 1.20 ይስፋ፣ ከሁለቱም ጎን እጅህ መሐል እንዲደርስ። የላይኛውን 20 ሳንቲ አፈር አውጥተህ ለብቻ ከምረው። ከሥሩ ያለውን ሌላ 20 ሳንቲ ሳታወጣ በዶማ አላላው። የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጨምር። ከዚያ ያወጣኸውን መልስ፣ ግን ሁሉንም አትመልስ። የመደቡ ወለል ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ይቅር። ጠርዙን በእግርህ ጠቅጠቅ አድርገው። ስታጠጣ ውሃው ወደ መንገድ አይሸሽም፣ ባለበት ይሰርጋል።

የውሃውን ነገር እናስላ። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ስታፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደዘነበ ቁጠረው። በደረቁና በሞቃቱ ወቅት ቅጠሉና አፈሩ ተደምረው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያተናሉ። ስለዚህ 5 ካሬ መደብ በቀን አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይጠይቅሃል። ጉዝጓዝ፣ ማለት አፈሩን የሚሸፍን ነገር፣ ካለበስከው ይቀንሳል። ከፍ ያለው መደብ ግን በጎኑም ይደርቃል። ነፋሱም አለ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ኖሯቸው የተገነቡት እዚህ ነፋስ ስላለ ነው። ያው ነፋስ ሰላጣህ ላይም ይነፍሳል።

ታች ሰፈር (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:30)

ጋሼ፣ በጋውን ልክ ነዎት። ክረምቱስ? እኛ ሰፈር ሲዘንብ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በአጥሩ ሥር ገብቶ በግቢው ነው የሚያልፈው። ዝቅ ያለ መደብ ብንሠራ በአንድ ማታ ደለል ይሞላዋል። ጎርፉ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ የሰዉን መጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ አጥቦ ነው የሚመጣው። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ እሱ ባለፈበት ላይ አይተከልም። እኔ 40 ሳንቲ ከፍ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ ማንም ምንም ቢለኝ አላፈርሰውም።

ጋሽ መደብ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:04)

አንተማ እንዳታፈርሰው! ጎርፍ ለሚያቋርጠው ግቢ ሌላ መፍትሔ የለም። እኔ ያልኩት ውሃ ለማይተኛበት ነው።

ጎርፍ ሳይኖር ዝናቡ ብቻ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ይኼን ልጨምር። ሰኔ ሲያልቅ መተላለፊያውን ቆፍሮ አፈሩን መደቡ ላይ ይከምረው። 15 ሳንቲ ከፍ ካለ ይበቃል። መንገዱ የውሃ መውረጃ ይሆናል። መስከረም ላይ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። ብሎኬት የሠራ ሰው ይኼን ማድረግ አይችልም።

እትዬ ጤናዳም (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:50)

ልጆቼ፣ እናቱን የጠየቀ አለ? ጎመኑን ዕለት ዕለት የምትቆርጠው እሷ ናት እኮ።

እኔ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ልጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ በሦስት ረድፍ ብሎኬት አንድ መደብ ሠራልኝ። 60 ሳንቲ ናት። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አረሙን እነቅላለሁ፣ ቆስጣዬን እቆርጣለሁ። ግድግዳ ጥግ ስለሆነች ከአንድ ጎን ብቻ ነው የምደርስባት፣ ስለዚህ ውስጧን 60 ሳንቲ አስደረግኋት። ከዚያ ቢሰፋ ኖሮ ማዶ ያለውን አልደርስበትም ነበር። ከሥር የሙዝ ግንድና ደረቅ ቅጠል ሞላንበት፣ አፈር እንዲቀንስልን። እሱ እየበሰበሰ ሲሄድ መደቡ ይሰምጣል፣ በየዓመቱ ኮምፖስት እጨምርበታለሁ። ውሃዋን ደግሞ አልደብቅም፣ ትጠጣለች። በበጋ ጠዋት ማታ ነው።

ዶሮዎቹን ብሎኬት ያግዳቸዋል ብላችሁ እንዳትሞኙ። መረብ አድርጉ።

ጣውላ ይሻላል (እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:12)

ሁሉም ብሎኬት ብሎኬት ይላል። የባህር ዛፍ ጣውላ ግን ቀጭን ነው፣ ቦታ አይበላም፣ ያምራልም። ለምን አልተነሳም?

የቦኩ ልጅ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:25)

ምስጥ።

ጎረቤቴ በባህር ዛፍ ነው ያጠረው። ከውጭ ስታየው ምንም አልሆነም። ጣትህን ስትጫነው ግን ይገባል፣ ውስጡ የአፈር ዋሻ ሆኗል። እርጥብ አፈርና እንጨት አንድ ላይ አስቀምጠህ ምስጥ አይምጣ ማለት አትችልም። አንዳንዱ ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ለአጥር ቋሚ ያድርጉት፣ ለሚበላ ነገር ግን በፍጹም። ዘይቱ ወደ አፈሩ ይገባል። የመብራት ምሰሶ ቁራጭም እንደዚያው፣ የተነከረበት ኬሚካል ለጓሮ አይሆንም።

ማሙሽ ከደንበላ (እሑድ፣ ከቀኑ 10:40)

ቆፈርኩ። ውጤቱ ይኸው።

ደህና የሚመስለው ግማሽ ደህና ነው። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት 7 ሳንቲ ወረደ። አፈሩ ግራጫማ፣ ለስላሳ፣ አልፎ አልፎ ነጫጭ ቀላል ጠጠር አለበት።

ሲሚንቶው ግማሽ ላይ ዶማው 12 ሳንቲ ሳይገባ ጮኸ። ወፍራም ግራጫ ንጣፍ ነው። ውሃው እስኪመሽ እንደቆመ ነው። ሚስቴ ከወጥ ቤት አቼቶ አምጥታ ጠብ ስታደርግበት አረፋ አወጣ። ምን ማለት ነው?

እትዬ፣ እናቴን ጠየቅኳት። «ጎንበስ ብዬ አልቆርጥም» አለች። ስለዚህ ለእሷ አንድ ከፍ ያለ መደብ ግዴታ ሆነ። አሁን ጭንቄ አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር የሚሸጡ አሉ፣ ልግዛ?

ግንበኛው (እሑድ፣ ከቀኑ 11:02)

አረፋው ኖራ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ተክሉ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር መሳብ ያቅተዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ያንን ንጣፍ ዶማ አይበግረውም፣ ዲጂኖ ተዋስ። ሁሉንም ማውጣት ካልቻልክ መደቡ በሚያርፍበት ቦታ አራት አምስት ጉድጓድ ብሳበትና ውሃ መውጫ ያግኝ። አለዚያ ከፍ ያለው መደብህም ከታች ረግረግ ይሆናል።

የቦኩ ልጅ (እሑድ፣ ከቀኑ 11:20)

ጥቁር አፈር ሲባል ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከመግዛትህ በፊት እፍኝ አርጥበህ በአውራ ጣትህና በጠቋሚ ጣትህ መሐል እየጨመቅክ ወደ ፊት ግፋው። 5 ሳንቲ የሚሆን ሪባን ሆኖ ሳይቆረጥ ከወጣ ሸክላ የበዛበት ነው። ብቻውን ሞልተህ ካሮት አትጠብቅበት። ከየት እንደተቆፈረም ጠይቅ። ቲማቲም ሲመረትበት ከኖረ ማሳ ከሆነ ኔማቶድ (ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትል) ይዞልህ ሊመጣ ይችላል።

ሒሳብ አስተማሪዋ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12:15)

ማንም ምንም አይግዛ!

ደህናው ግማሽ ላይ ጋሼ ያሉትን ዝቅ ያለ መደብ ሁለት ሥራ፣ እያንዳንዱ 3 በ1.20። ድምሩ 7.2 ካሬ ነው። ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ዝቅ ሲል 0.72 ሜትር ኩብ አፈር ይተርፍሃል። የእናትህ መደብ በሁለት ረድፍ ብሎኬት የሚፈልገው አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የጎደለውን ሩብ ያህል በኮምፖስት ሙላው። አፈሩ ከራስህ ግቢ ወደ ራስህ ግቢ፣ አራት እርምጃ ነው። ሲኖትራክ የለ፣ ባሬላ የለ።

ጋሽ መደብ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:10)

አስተማሪዋ ጨረሰችው። እኔ ይኼን ሳላስብ ነው ያረጀሁት።

አንድ ነገር ብቻ። ትኩስ ፍግ እንዳትጨምር፣ በተለይ የዶሮ ኩስ። ሥሩን ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ወር ይብላላ። የእናት መደብ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ይሁን፣ ሥራቸው ብዙ አይወርድም። ቲማቲሙ ታች፣ ዝቅ ያለው ላይ ይግባ። ሥሩ መውረድ ይፈልጋል።

ታች ሰፈር (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:35)

ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው የልብስ እጣቢ ማጠጣት ይቻላል? እኛ ቤት በየቀኑ ይደፋል፣ ያሳዝነኛል።

ጋሽ መደብ (እሑድ፣ ከምሽቱ 1:52)

አትክልትና ፍራፍሬ ያጠባችሁበትን ውሃ አጠጡ። የሳሙና ዱቄት ያለበትን ለጎመን አይሆንም፣ ጨው አለበት፣ አፈሩን ያበላሻል። ጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ተጠንቀቁ። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ብዙ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ሽፋን ካያችሁ ጨው እየተጠራቀመ ነው። ዝናቡ አጥቦ እንዲወስደው ውሃው መውረጃ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ከፍ ያለው መደብ ይሻላል፣ ሐቁን ልናገር።

ጣውላ ይሻላል (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:20)

ምስጡን ተቀበልኩ። ጉዝጓዝ ስትሉ ግን ጭድ ነው? ጭድ ምስጥ አይጠራም?

የቦኩ ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2:31)

ይጠራል። ግን እንደ እንጨት የሚያሳዝን ነገር አይደለም፣ በላው ብለህ ታድሰዋለህ። የቦሎቄ ገለባ ካገኘህ አሪፍ ነው፣ ቶሎ በስብሶ አፈር ይሆናል። ከግንዱ አንድ መዳፍ አርቀህ አንጥፈው። በነፋሱ ምክንያት ካነጠፍክ በኋላ ውሃ ርጭ አድርግበት፣ አለዚያ ጎረቤት ግቢ ነው የምታገኘው።

ማሙሽ ከደንበላ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05)

እቅዱ ይኸው። ደህናው ግማሽ ላይ ሁለት ዝቅ ያለ መደብ። ሲሚንቶው ላይ ለእናቴ አንድ ከፍ ያለ፣ ከሥሩ በዲጂኖ ተበስቶ። ብሎኬቱ ከቤቱ ሥራ የተረፈ አለኝ፣ ያልተሰበረ ከተገኘ ይበቃል። አጎቴ «አላልኩህም?» እያለ ነው፣ ግማሹን ብቻ እንደሆነ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቲማቲም አሁን በጥቅምት ይተከላል? የጥብስ ቅጠሉስ የት ይግባ?

ጋሽ መደብ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40)

አሁን ጊዜው ነው። በክረምት ቢሆን ቅጠሉን ዋግ ያስቸግረው ነበር። መልካ ሾላ ወይም መልካ ሳልሳ የሚባለውን የቲማቲም ዝርያ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ሁለቱም እዚሁ አጠገባችን ከመልካሳ ግብርና ምርምር የወጡ ናቸው። አዳማ ሬድ የሚባለው ሽንኩርት ስሙን ከየት እንዳመጣው መቼም አልነግርህም። እሱንም ጠርዝ ላይ ጣል አድርግ። ችግኙን ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ትከል።

የቦኩ ልጅ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:58)

ችግኝ ስትገዛ አንዱን ንቀልና ሥሩን እይ። እጢ እጢ ያለበት ከሆነ ተወው፣ ኔማቶድ ነው። ቦሎቄ ሥር ላይ የምናየው እጢ ሌላ ነው፣ እሱ በጥፍርህ ስትነካው ይረግፋል፣ ጥሩም ነው። የኔማቶዱ ግን የሥሩ አካል ሆኖ ያበጠ ነው፣ አይለቅም። ከገባብህ የዚያን መደብ አፈር ወደ ሌላው አታዛውር፣ ዶማህንም እጠበው።

እትዬ ጤናዳም (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

የጥብስ ቅጠል ውሃ ሲበዛበት ይሞታል። ዝቅ ያለው መደብ ውስጥ እንዳታስገባው። አጥሩ ሥር፣ ደረቁ ላይ ብቻውን ይቁም። ችግኝም አትግዛ፣ እኔ ጋ ሞልቷል። ደህና ቅርንጫፍ ቆርጬ እሰጥሃለሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈህ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ባለቤትህን ላካት።

ማሙሽ ከደንበላ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:22)

ገለቶማ እትዬ! ቅዳሜ ትመጣለች። እናቴም አብሬ ልሂድ እያለች ነው፣ የበርጩማዋን መደብ ማየት ፈልጋለች።